የተለካው ካፓሲታንስ የማን ነው? ኦክሳይድ ስለለበሱ ኤሌክትሮዶች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ደሴ ሆኜ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ኤሌክትሮድ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሰልፌት ውስጥ ነክሬ የድርብ ንጣፉን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ለመለካት ሞከርኩ። መጽሐፉ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ20 እስከ 40 ማይክሮፋራድ ይላል። እኔ በሳይክሊክ ቮልታሜትሪ (ፖቴንሻሉን ከፍና ዝቅ እያደረግሁ ከረንቱን በመለካት) ያገኘሁት 0.4 ብቻ ነው። በኢምፒዳንስ (በተለያየ ድግግሞሽ ተለዋዋጭ ከረንት እየሰጠሁ) የለካሁትን ደግሞ በአንዱ ቀመር ሳሰላው 1.5፣ በሌላው ቀመር 3.1 ሆነብኝ፤ መረጃው ግን ያው አንድ ነው። ትክክለኛው የቱ ነው? አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬስ የኒኬል ኦክሳይዱን ካፓሲታንስ ለ40 አካፍሎ የገጹን ስፋት ማግኘት ይችላል?»

እህቴ፣ ከሦስቱ ቁጥሮችሽ አንዱም የድርብ ንጣፉ አይደለም። አትደንግጪ። ሁለቱ ከደኅና ልኬት የወጡ ናቸው፤ የለኩት ግን አንቺ የፈለግሽውን ሳይሆን አሉሚኒየሙ የለበሰውን ኦክሳይድ ነው። ሦስተኛው፣ 0.4 ያልሽው፣ የመሣሪያሽ አሠራር የፈጠረው ነው። በጋቢ ላይ ሆነሽ የሰው የልብ ምት ለመቁጠር እንደመሞከር ያለ ነገር ገጥሞሻል፤ እጅሽ የሚነካው መጀመሪያ ጋቢውን ነው።

ከመጽሐፉ ልጀምር፤ ግራ መጋባቱ የሚነሳው ከዚያ ነውና። በብረትና በኤሌክትሮላይት (ጨው በሟሟበት ፈሳሽ) መካከል ቻርጆች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ የሚለውን፣ ድርብ ንጣፍ የተባለውን ሐሳብ ሄልምሆልትዝ ያነሳው በ1853 ነው። ጉዪ በ1910፣ ቻፕማን በ1913 የአየኖቹ ረድፍ እንደ ወታደር የተሰለፈ ሳይሆን ወደ ፈሳሹ እየሳሳ የሚሄድ ደመና መሆኑን አሰሉ፤ ስተርን በ1924 ሁለቱን አዋሐዳቸው። ይህ ሁሉ በዋናነት የተፈተነው በሜርኩሪ ላይ ነው። ለምን ሜርኩሪ? ፈሳሽ ስለሆነ ያለ ብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ነው፣ በየጠብታው አዲስ ገጽ ይሰጣል፣ ሰፊ በሆነ የፖቴንሻል ክልል ውስጥም ኦክሳይድ አይለብስም። ከ20 እስከ 40 የሚለው ቁጥር እንግዲህ የራቁት ብረት ቁጥር ነው። አሉሚኒየምን ራቁቱን አግኝቶት የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽው እጅሽን ከማንሳትሽ በፊት አየሩ አዲስ ኦክሳይድ ያለብሰዋል። የቤትሽ የአሉሚኒየም ድስት በየቀኑ እየተፈገፈገ የማይበላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው፤ ለካፓሲታንስ ግን ጥቂት ናኖ ሜትር ብዙ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የአንድ ሽፋን ካፓሲታንስ የሚገኘው የሽፋኑ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ ቁጥር በባዶ ቦታ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ለውፍረቱ ሲካፈል ነው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድን 9 እንበል፤ የባዶ ቦታው 8.85 ሲባዛ በ10 ሲቀነስ 14ኛ ኃይል ፋራድ በሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱን 4 ናኖ ሜትር ብንወስድ ውጤቱ 2 ማይክሮፋራድ ገደማ ይሆናል። (ከዚህ በኋላ «በካሬ ሴንቲ ሜትር» እያልኩ አልደጋግምም፤ ኤሌክትሮድሽ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አያሳስትም።) ይህ ሽፋንና ከበላዩ ያለው ድርብ ንጣፍ በተከታታይ የተገናኙ ሁለት ካፓሲተሮች ናቸው። በተከታታይ ግንኙነት የሚደመረው ካፓሲታንሱ ሳይሆን ግልባጩ ነው፦

1 ÷ የተለካው = (1 ÷ የኦክሳይዱ) + (1 ÷ የድርብ ንጣፉ)

ኦክሳይዱን 2፣ ድርብ ንጣፉን 20 አድርጊና አስገቢው፤ ውጤቱ 1.82 ነው። ድርብ ንጣፉን በእጥፍ አሳድገሽ 40 ብታደርጊው ደግሞ 1.90 ይሆናል። አየሽው? የምትፈልጊው ነገር በእጥፍ አደገ፣ መሣሪያሽ ያየው ለውጥ ግን 5 በመቶ እንኳን አይሞላም። ኤሌክትሮድሽን ፈግፍገሽ እንደገና ስትነክሪው ከቀን ቀን የሚመጣው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል።

ስለዚህ ብዙዎች የሚያደርጉትን፣ ማለትም የኦክሳይዱን ውፍረት ከመጽሐፍ ወስዶ ግልባጩን ከተለካው ግልባጭ ቀንሶ «ይኸው ድርብ ንጣፉ» ማለትን፣ ከወዲሁ ተይው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ የወሰደበትን ጠቅላላ ሰዓት ለካ፤ ከዚያ ላይ የአውቶቡሱን የጉዞ ሰዓት በግምት ቀንሶ ከቤቱ እስከ መናኸሪያ የተራመደበትን ደቂቃ ሊነግረን ፈለገ። አውቶቡሱ ከተገመተው ፈጥኖ ቢደርስ የእግር ጉዞው ከዜሮ በታች ይሆናል። የአሉሚኒየም ድርብ ንጣፍ ካፓሲታንስ ከዜሮ በታች ወጥቶባቸው ግራ የተጋቡ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ሒሳባቸው ትክክል ነበር።

አሁን ወደ 1.5 እና 3.1 እንምጣ። የላክሽው የማዛመጃ ውጤት (ፕሮግራሙ መረጃሽን ከአንድ የሰርኪት ሞዴል ጋር አዛምዶ ያወጣው) የኤሌክትሮላይቱን ሬዚስታንስ 40 ኦም፣ የሽፋኑን ሬዚስታንስ 500 ኪሎ ኦም፣ ቋሚ ፌዝ ኤለመንት የሚባለውን ደግሞ በመጠኑ 3 ሲባዛ በ10 ሲቀነስ 6ኛ ኃይል፣ በኃይል ቁጥሩ 0.93 ይላል። ይህ ኤለመንት ካፓሲተር አይደለም። ካፓሲተር የሚሆነው የኃይል ቁጥሩ 1 ቢሆን ነበር። 0.93 ማለት በገጹ ላይ ወይም በሽፋኑ ውስጥ አንድ ወጥ ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ቁጥሩ ራሱ አይናገርም። ከዚህ ወደ ማይክሮፋራድ የሚወስዱት ሁለቱ ቀመሮችሽ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በ1984 የወጣውና በብሩግ ስም የሚጠራው ቀመር አለመስተካከሉ ከገጹ አንድ ቦታ ወደ ሌላው፣ ማለትም ወደ ጎን እንደሆነ አድርጎ ያስባል፤ ስለዚህ የኤሌክትሮላይቱን 40 ኦም ይጠቀማል። አስልቼዋለሁ፣ 1.52 ይሰጣል። በ2001 የወጣው የሱና የማንስፌልድ ቀመር ደግሞ አለመስተካከሉ በሽፋኑ ውፍረት ውስጥ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች እንደሆነ ያስብና 500 ኪሎ ኦሙን ይጠቀማል፤ 3.09 ይሰጣል። ሁለቱም የጠየቅሻቸውን መልሰዋል። የተለያየ ጥያቄ መሆኑን ያልነገረሽ ቀመሮቹን በአንድ ምናሌ ላይ ጎን ለጎን የደረደራቸው ፕሮግራም ነው።

ለኦክሳይድ ሽፋን በሐሳብ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ ሽፋኑ ከብረቱ ወደ ፈሳሹ ሲሄድ ጠባዩ ይለወጣልና። ነገር ግን ያ 500 ኪሎ ኦም እንዴት እንደተገኘ ተመልከቺ። ዝቅተኛው ድግግሞሽሽ 0.1 ኸርዝ ነው፤ በኢምፒዳንሱ ሥዕል ላይ የሚወጣው ግማሽ ክብ ገና አልተዘጋም፤ ፕሮግራሙ ቀሪውን በምናቡ ስሎ ነው 500 ያለው። 5 ሜጋ ኦም ቢል ኖሮ ካፓሲታንስሽ በ19 በመቶ ያድግ ነበር። ባልለካሽው ነገር ላይ የቆመ ቁጥር ነው።

እኔ ብሆን ማዛመጃውን ለጊዜው አስቀምጬ ጥሬውን ቁጥር አያለሁ። በየድግግሞሹ የኢምፒዳንሱን ምናባዊ ክፍል ውሰጂ፣ በድግግሞሹና በ6.28 አባዢው፣ ግልባጩን ውሰጂ። የአንቺ መረጃ በ1000 ኸርዝ 97 ኦም ያሳያል፤ ይህ 1.64 ማይክሮፋራድ ነው። በ100 ኸርዝ 1.92፣ በ10 ኸርዝ 2.26 ይሆናል። ድግግሞሹ በአሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር 15 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህ ያንኑ 0.93 በሌላ ቋንቋ መናገር ነው። ሦስቱም ከ2 ማይክሮፋራድ ብዙም አይርቁም፤ 2 ማይክሮፋራድ ደግሞ ቅድም እንዳሰላነው የ4 ናኖ ሜትር ኦክሳይድ ነው። አየር ያለበሰው አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ቁጥር መስጠቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ኤሌክትሮድሽ ጤነኛ ነው፣ ልኬትሽም እንደዚሁ። በጽሑፍሽ ላይ ስሙን ብቻ አስተካክይ፦ «የድርብ ንጣፍ ካፓሲታንስ» ሳይሆን «የገጽታው አጠቃላይ ካፓሲታንስ፣ በ100 ኸርዝ የተለካ»። ድግግሞሹን ሳትጽፊ ቁጥሩን አትጻፊው።

0.4ን በተመለከተ ፖቴንሽዮስታትሽን፣ ማለትም ፖቴንሻሉን የሚቆጣጠረውን መሣሪያሽን፣ ተጠያቂ አደርጋለሁ። በሳይክሊክ ቮልታሜትሪ ካፓሲታንስ የሚገኘው ከረንቱ ለፖቴንሻሉ የለውጥ ፍጥነት ተካፍሎ ነው፤ ይህ የሚሠራው ፖቴንሻሉ እንደ ዳገት ሳይቋረጥ ሲወጣ ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኙት ዲጂታል መሣሪያዎች ግን ዳገት አይወጡም፤ ደረጃ ነው የሚወጡት። በሰከንድ 50 ሚሊ ቮልት ስትዪው መሣሪያሽ 5 ሚሊ ቮልት ይዘልላል፣ 100 ሚሊ ሰከንድ ይቆማል፣ በመጨረሻ ላይ ከረንቱን ያነባል፣ እንደገና ይዘልላል። የአንቺ ገጽ ቻርጁን ለመሙላት የሚፈጅበት ጊዜ 40 ኦም ሲባዛ በ2 ማይክሮፋራድ፣ ማለትም 80 ማይክሮ ሰከንድ ነው። መሣሪያው ከረንቱን ሲያነብ ሙሊቱ ካለቀ ቆይቷል። እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ከሄዱ በኋላ ገብቶ ስንት ሰው እንደመጣ እንደሚቆጥር አስተናጋጅ ነው። የቀረልሽ 0.4 የዘገየው ክፍል ጭራ ነው። በመሣሪያሽ ላይ እውነተኛ አናሎግ ዳገት የሚሰጥ አማራጭ ካለ ተጠቀሚ። ከሌለ በየደረጃው ያለውን ከረንት እስከ መጨረሻው ደምሮ ቻርጁን የሚያነብ አማራጭ ፈልጊ። ሁለቱም ከሌሉ ለዚህ ዓይነት ትንሽ ካፓሲታንስ ቮልታሜትሪን ተይውና በኢምፒዳንስ ቀጥይ።

ደግሞም ትክክለኛው ዳገት ቢኖርሽ እንኳን የምትጠብቂው ከረንት 2 ማይክሮፋራድ ሲባዛ በ0.05 ቮልት በሰከንድ፣ 0.1 ማይክሮ አምፒር ብቻ ነው። በኤሌክትሮላይቱ የሟሟ ትንሽ ኦክስጅን ከዚህ የሚበልጥ ከረንት ሊሰጥ ይችላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ይህ ግን ናይትሮጅን ከማሳለፍ ነፃ አያወጣሽም።

እንግዲህ ድርብ ንጣፉን ፈጽሞ ማየት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ግን በመቀነስ ሳይሆን በመነካካት። አንዱን የሚያንቀሳቅስ ሌላውን የማያንቀሳቅስ ነገር ፈልጊ።

በመጽሐፎች ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ውፍረቱን መለወጥ ነው። አሉሚኒየሙን በተለያየ ቮልቴጅ አኖዳይዝ ብታደርጊው፣ ማለትም ኦክሳይዱን በኤሌክትሪክ ብታወፍሪው፣ ሽፋኑ በአንድ ቮልት ከ1.3 እስከ 1.4 ናኖ ሜትር ያህል ያድጋል። (ደሴ ፒያሳ አካባቢ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ልጆች ከቦርድ ላይ ነቅለው የሚጥሉት ያ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፦ የአሉሚኒየም ወረቀት፣ በላዩ በቮልቴጅ የተለካ ኦክሳይድ፣ ከዚያ ኤሌክትሮላይት። ፋብሪካው ድርብ ንጣፉን ከቁጥር አያስገባውም፤ እንዲህ ባለ ወፍራም ሽፋን ላይ ማስገባትም አያስፈልገውም።) የተለካውን ካፓሲታንስ ግልባጭ በውፍረቱ ላይ ብታነጥቢው ቀጥ ያለ መስመር ታገኛለሽ፤ መስመሩ ውፍረቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቋሚ ዘንግ የሚቆርጥበት ነጥብ የድርብ ንጣፉ ግልባጭ ነው። ሲነገር ያምራል። ሲሠራ እንዲህ ነው፦ በ4፣ በ8፣ በ12 እና በ16 ናኖ ሜትር ላይ የግልባጮቹ ዋጋ 0.55፣ 1.05፣ 1.56 እና 2.06 ይሆናል፤ የምትፈልጊው መቁረጫ 0.05 ነው። የመጨረሻው ነጥብሽ በ3 በመቶ ብቻ ቢሳሳት ስህተቱ 0.06 ነው፤ ከምትፈልጊው ቁጥር ይበልጣል። በዚያ ላይ አራት የተለያዩ ኤሌክትሮዶች ናቸው፤ ሻካራነታቸው አንድ አይደለም። ይህ ዘዴ የኦክሳይዱን ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ ቁጥር ለማግኘት ግሩም ነው። ለድርብ ንጣፉ ግን አልመክርሽም።

እኔ የምመርጠው ኤሌክትሮላይቱን መለወጥ ነው። ኤሌክትሮዱ ያው፣ ቀኑም ያው፤ የምትቀይሪው የጨዉን መጠን ብቻ ነው። የአየኖቹ ደመና ውፍረት፣ ሁለቱም አየኖቻቸው ነጠላ ቻርጅ ባላቸው ጨዎች (ሰልፌት ባለ ድርብ ቻርጅ ስለሆነ በእሱ ደመናው ከዚህ ይሳሳል)፣ በ0.1 ሞላር 1 ናኖ ሜትር ያህል ሲሆን በ1 ሚሊ ሞላር ወደ 10 ናኖ ሜትር ይደርሳል። ገጹ ቻርጅ የማይኖረው ከሆነ የደመናው ካፓሲታንስ በመጀመሪያው 72፣ በሁለተኛው 7.2 ነው። ከኦክሳይዱ ገጽ ጋር የተጣበቀውን የውስጠኛ ረድፍ 25 ብለን ከ2 ማይክሮፋራዱ ኦክሳይድ ጋር ብናያይዘው የምትለኪው ከ1.81 ወደ 1.47 ይወርዳል። 19 በመቶ! ይህ የሚታይ ለውጥ ነው፤ ኦክሳይዱ ደግሞ ጨው ቀጠነ ብሎ ውፍረቱን አይቀይርም። ልዩነቱ የድርብ ንጣፉ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። አንደኛ፣ «ገጹ ቻርጅ የማይኖረው ከሆነ» ያልኩት ቀላል ሁኔታ አይደለም። በራቁት ብረት ላይ የገጹን ቻርጅ የምታዥው በፖቴንሻል ነው፤ በኦክሳይድ ላይ ግን ብዙውን የሚያዝዘው ፒኤች ነው። የኦክሳይዱ ገጽ ፕሮቶን ይቀበላል፣ ፕሮቶን ይሰጣል። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቻርጁ ዜሮ የሚሆነው በፒኤች 8 እና 9 መካከል ነው፤ የታይታኒየም ኦክሳይድ በ6 አካባቢ፣ የሲሊካ በ2 አካባቢ። አንቺ በገለልተኛ ሶዲየም ሰልፌት ውስጥ ስትለኪ ገጹ ፖዘቲቭ ነው፤ ሰልፌቱ ደግሞ እዚያ መጣበቅ ይወዳል። ስለዚህ የምታገኚው ለውጥ ከ19 በመቶ ያነሰ ቢሆን አትገረሚ። ፒኤቹን ወደ 8 ግድም አምጥተሽ ብትደግሚው ለውጡ ከጨመረ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነሽ፤ ከ8.5 በላይ ግን አትውጪ፣ ኦክሳይዱ መሟሟት ይጀምራልና። ሁለተኛ፣ ጨዉ ሲቀጥን የኤሌክትሮላይቱ ሬዚስታንስ ከ40 ኦም ወደ ጥቂት ሺህ ኦም ይዘልላል። ያኔ በ1000 ኸርዝ ያለው 97 ኦም በ4,000 ኦም ውስጥ ይጠፋል፤ የፌዙ ማዕዘን አንድ ዲግሪ ተኩል እንኳን አይሞላም፤ የመሣሪያሽም ስህተት በዚያው ልክ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ልኬት ከ20 ኸርዝ በታች ያሉትን ነጥቦች ብቻ እመኚ።

እስካሁን ያወራሁት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ኦክሳይድ ነው። ታንታለምና ዚርኮኒየምም ከዚሁ ወገን ናቸው። ታይታኒየም፣ ብረት (አይረን) እና እስቴንለስ ስቲል ሌላ ታሪክ ናቸው፤ ኦክሳይዳቸው ሴሚኮንዳክተር ነው። ካፓሲታንሱ ፖቴንሻል በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል፤ ምክንያቱም በኦክሳይዱ ውስጥ ከቻርጅ ተሸካሚ የጸዳው ክልል ይሰፋል፣ ይጠባል። ሞትና ሾትኪ ባሳዩት መሠረት የካፓሲታንሱ ካሬ ግልባጭ ከፖቴንሻሉ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። መስመሩን አንስተው የተሸካሚዎቹን ብዛት አስልተው ድርብ ንጣፉን ችላ የሚሉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የብረት ዝገት መከላከያ ሽፋን ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው፤ የተሸካሚዎቹ ብዛትም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የ10 20ኛ ኃይል ሊደርስ ይችላል። በዚህ ብዛት የጸዳው ክልል ከሽፋኑ ጋር፣ ካፓሲታንሱም ከድርብ ንጣፉ ጋር ይቀራረባሉ፤ ችላ የሚባል ነገር አይኖርም። ለታይታኒየም ከመጣሽ ልኬቱን ቢያንስ በሦስት ድግግሞሽ ድገሚው። ተዳፋቱ በድግግሞሹ ከተቀየረ ከመስመሩ ያወጣሽው ብዛት የኦክሳይዱ ጠባይ መሆኑ አብቅቷል።

ሩቴኒየምና ኢሪዲየም ኦክሳይድ ደግሞ እንደ ብረት ያስተላልፋሉ። እዚያ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ቁጥሩ ከ40 እጅግ ይበልጣል፤ ፕሮቶን ወደ ኦክሳይዱ እየገባና እየወጣ ብረቱ ኦክሲዴሽን ቁጥሩን ይለውጣል። ከ1971 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ሱፐር ካፓሲተር ለሚሠራ በረከት፣ ድርብ ንጣፍ ለሚለካ ግን ጭጋግ ነው። ስለ ፕላቲኒየምና ወርቅ ብዙ አልልም፤ እነሱ ኦክሳይዱን በፖቴንሻል ስለሚያወልቁ መጀመሪያ አውልቆ መለካት ይቻላል።

የጓደኛሽ ጥያቄ። 40 የሚለው ማካፈያ በ2013 ኦክስጅን የሚያወጡ ካታሊስቶችን ለማወዳደር በወጣ አንድ የታወቀ ሥራ ከተስፋፋ በኋላ በየጽሑፉ ይገለበጣል፤ በ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 40፣ በ1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ 35 ማይክሮፋራድ። የሥራው ባለቤቶች የተለመደ አማካይ ብለው የወሰዱትን ሌላው ሰው የተፈጥሮ ሕግ አደረገው። ኒኬል ሃይድሮክሳይድ በዝቅተኛ ፖቴንሻል ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ በደንብ የሚያስተላልፈው ወደ ከፍተኛው ኦክሲዴሽን ቁጥሩ ሲወጣ ነው። ልጁ ካፓሲታንሱን የሚለካው ምላሽ በሌለበት በዝቅተኛው ክልል ነው፤ ካታሊስቱ የሚሠራው ግን በከፍተኛው ላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን የኒኬል ብረት ሊለካ ይችላል እንጂ ከላይ ያለውን ኦክሳይድ በሙሉ አያይም። ለ40 ማካፈሉን ይተው። አንድ ዓይነት ኦክሳይድ ያላቸውን፣ በአንድ ዘዴ የተሠሩ ኤሌክትሮዶቹን እርስ በርስ ለማወዳደር ጥሬውን ካፓሲታንስ ቢጠቀም ይሻላል፤ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብሎ ግን አይጻፈው።

ከራሴ ገጠመኝ አንድ ልጨምር። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የማቀዝቀዣ ቱቦ ዝገት ስከታተል በየቀኑ ከምሳ በኋላ የምለካው ካፓሲታንስ ከጠዋቱ እያነሰ አስቸገረኝ። ኬብል ቀየርኩ፣ ብጥብጡን ቀየርኩ፣ አንድ ሳምንት ሄደ። ኋላ ስደርስበት ኤሌክትሮዱን ጠዋት ነክሬ ምሳ ስወጣ እዚያው እተወው ነበር፤ እኔ ስበላ ኦክሳይዱ እየወፈረ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመለካቴ በፊት ፖቴንሻሉን አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይዤ ከረንቱ ሲረጋጋ ብቻ እጀምራለሁ፤ ስጨርስም የመጀመሪያውን ድግግሞሽ እደግመዋለሁ። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ የቀኑ ሥራ ወደ ቅርጫት ይሄዳል።

የቀሩት ጥቃቅኖች ናቸው፣ ጥቃቅን ሆነው ግን ሥራ ያበላሻሉ። ኤሌክትሮዱን በሙቅ ውሃ አትጠቢው፤ አሉሚኒየም በፈላ ውሃ ውስጥ ሌላ ውሃ ያዘለ ወፍራም ሽፋን ይለብሳል። በቧንቧ ውሃም አታለቅልቂው፤ ክሎራይድ አለበት፣ ክሎራይድ ደግሞ አሉሚኒየሙን በነጠብጣብ ይበሳዋል። ለማነጻጸሪያ የምትጠቀሚበት የብርና ብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድም ክሎራይድ ያንጠባጥባል፤ በሰልፌት በተሞላ ድልድይ ለይው ወይም የሜርኩሪ ሰልፌት ዓይነቱን ያዢ። የመብራታችን መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ በ50፣ በ100 እና በ150 ኸርዝ ላይ የሚወድቁ ነጥቦችን ከዝርዝርሽ አውጪና በ47 ወይም በ106 ተኪያቸው፤ ቅድም በ100 ኸርዝ ያልኩሽን 1.92ም በዚሁ አረጋግጪው። ሴሉን በብረት ሣጥን ውስጥ አስገቢ፤ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ከመሬት መስመሩ ጋር ከተያያዘ ይበቃል።

አዞ አፍ መቆንጠጫውንም ከፈሳሹ አርቂው። ፈሳሹ በአሉሚኒየሙ ላይ ሽቅብ ተስቦ መቆንጠጫውን ከነካ የናስ መቆንጠጫው ካፓሲታንስ ከአሉሚኒየሙ ጋር በትይዩ ይደመራል፤ ናሱ ኦክሳይዱ ስስ ስለሆነ አንድ አሥረኛ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢርስ እንኳን 2 ማይክሮፋራድ ያህል ሊጨምርብሽ ይችላል። ያኔ ቁጥርሽ እጥፍ ይሆንና ድርብ ንጣፉን ያገኘሽው ይመስልሻል።